ከሳንጋም እስከ ሐዋሳ፦ የካሽሚር አኻያ ባት ሲፈተሽ

ሐዋሳ ላይ “ባት” ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የእግር ባት ነው፤ አይፈረድም። የክሪኬቱ ባት (ኳስ የሚመታበት ጠፍጣፋ እንጨት) ግን ከተማዋን ከለመዳት ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲው የሕንድ መምህራን ሲቀጥር፣ በኋላም በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ የሕንድ ልብስ ሰፊ ድርጅቶች ሲገቡበት፣ ከቅመሙና ከሻዩ ጋር ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ዕቃ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው የሚመለሱት ትተውት ይሄዳሉ፤ ሌላው “ስትመጣ አንድ አምጣልኝ” ብሎ ያዝዛል። በዚህ መንገድ እጅ ላይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሰሜን ሕንድ ውስጥ ከሚበቅለው የካሽሚር አኻያ የተሠራ፣ ሙሉ መጠን ያለው፣ “ለቆዳ ኳስ (ለመደበኛው የክሪኬት ኳስ) ይሆናል” ተብሎ የተሸጠ ባት ነው። የምንፈትሸው እሱን ነው።

የአምራች ስም አንጠራም፤ ብዙም ትርጉም የለውም። ከስሪናጋር ወደ ጃሙ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ አናንትናግ አውራጃ ውስጥ፣ ሳንጋም፣ ሃልሙላና ቢጅቤሃራ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተፈለጠ አኻያ እንደ ማማ ተደርድሮ ንፋስ ሲመታው ይታያል። ከአንዱ ማማ የወጣ እንጨት አሥር ዓይነት ተለጣፊ ተለጥፎበት በአሥር ስም ይሸጣል። ሥራውን ያበላሸው ወይም ያሳመረው ማድረቁና መጠቅጠቁ እንጂ ተለጣፊው አይደለም።

ቢጅቤሃራ ለክሪኬት ወዳጅ ሌላም ትርጉም አላት። ፓርቬዝ ራሱል የተወለደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በእ.ኤ.አ. ናቸው) ቼናይ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ ኦፍ ስፒን በሚባለው ኳስ በሚያሾር ውርወራው 45 ራን (ነጥብ) ብቻ ሰጥቶ 7 ዊኬት የወሰደው፣ ማለትም 7 መቺ ያስወጣው፣ በ2014 ሰኔ ላይ ሚርፑር ውስጥ ባንግላዴሽን ሲገጥሙ የሕንድን ብሔራዊ ማሊያ የለበሰው እሱ ነው፤ ከጃሙና ካሽሚር ክልል ቡድን ለብሔራዊ ቡድን የበቃ የመጀመሪያው ተጫዋች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጎርፍ ስሪናጋርን አጥለቀለቀ፤ የቡድኑ ሜዳም ውኃ ተኛበት። በታኅሣሥ ግን ራሱል የሚመራው ቡድን ሙምባይ ድረስ ሄዶ፣ ያኔ የራንጂ ዋንጫን (የሕንድ ክልሎች ውድድር) 40 ጊዜ የወሰደችውን ሙምባይን በገዛ ሜዳዋ በ4 ዊኬት (4 ዊኬት ሲቀረው) አሸነፈ። ደግሞም የአንድ ቀን ዕድል አልነበረም፤ በጥር 2025 ያኔ የሕንድ አምበል የነበረው ሮሂት ሻርማ ራሱ በተሰለፈበት ጨዋታ ጃሙና ካሽሚር እንደገና ሙምባይን በ5 ዊኬት ረታ። ሮሂት በመጀመሪያው ዙር 3፣ በሁለተኛው 28 ራን ነው ያስመዘገበው። በመጀመሪያው ዙር ያስወጣው የፑልዋማው ረጅም ወርዋሪ ኡማር ናዚር ነበር። ከጃሙ የወጣው ኡምራን ማሊክ ደግሞ በ2022 የሕንድ ሊግ ላይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር የተለካ ኳስ ወርውሯል።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው “ታዲያ እነሱ የሚጫወቱበት ባት ይኸው ነዋ!” ለሚለው ሰው መልስ ለመስጠት ነው። አይደለም። በራንጂ ደረጃ የሚጫወት ሰው፣ የካሽሚር ልጅም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከእንግሊዝ አኻያ የተሠራ ባት ነው። የእንግሊዙ ቀለል ይላል፣ ይነጣል፣ ኳሱንም ፈጥኖ ይመልሳል። የካሽሚሩ ጠጠር ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላና ከበድ የሚል ነው። የኦማን ተጫዋቾች በ2021ዱ የቲ20 የዓለም ዋንጫ የካሽሚር ባት ይዘው መግባታቸው ዜና የሆነውም ብርቅ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ባቱ ላይ የታወቀ ተጫዋች ፊርማ ታትሞ ከሆነ የሥዕል ዋጋ ብቻ ስጡት።

ቢሆንም ለሐዋሳ የካሽሚሩ ይሻላል እንላለን። ሜዳው የእግር ኳስ ነው፤ አፈሩ አሸዋማ፣ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ ሻካራ ጠጠር የተቀላቀለበት። ፒቹ (ኳሱ የሚወረወርበትና የሚነጥርበት የሜዳው መሃል) ወይ ሲሚንቶ ነው ወይ የተነጠፈ ምንጣፍ። ኳሱም ከአምስት ጊዜ አራቱ የቴኒስ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ለስላሳውን የእንግሊዝ አኻያ ማውጣት አዲስ ጫማ ለብሶ ጭቃ ማቡካት ነው። የዋጋውም ነገር አለ፤ ሕንድ ውስጥ ደህና የካሽሚር ባት ከእንግሊዙ በብዙ ይረክሳል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ባቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ ተለጣፊውን እርሱትና የታችኛውን ጫፍ ገልብጣችሁ እዩ። ዓመታዊ መስመሮቹ ከጫፉ ተነስተው ፊቱ ላይ ቀጥ ብለው ወደ መያዣው መውጣት አለባቸው። የካሽሚሩ ላይ ከአራት እስከ ስምንት መስመር ማየት የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ብዙ አያስጨንቅ፣ መጣመሙ ግን ያስጨንቅ። መስመሩ ወደ ጎን ከታጠፈ ባቱ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል፤ መቼ የሚለው ብቻ ነው ጥያቄው። መስመር ጨርሶ የማይታይበት፣ ነጣ ያለ፣ በእጅ ሲያዝ ከመጠኑ ይልቅ የሚቀል ባት ካጋጠማችሁ ምናልባት አኻያ ሳይሆን ፖፕላር የሚባል ሌላ ዛፍ ነው። ፖፕላር ፈጥኖ ስለሚደርስ ርካሽ ነው፤ ለቴኒስ ኳስ ያገለግላል፣ ለቆዳ ኳስ አይሆንም።

ቀጥሎ መያዣው የሚሰካበት ቦታ። ከባቱ ትከሻ ጀምሮ ወደ ታች የሚጠብ ሦስት ማዕዘን የሚመስል መጋጠሚያ አለ። በጥፍራችሁ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሂዱበት። ጥፍር የሚይዝበት ቦታ ካለ ኮላው አልሞላም፣ ወይም እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ሸሽቷል። ከዚያ መያዣውን በአንድ እጅ፣ ጠፍጣፋውን በሌላው ይዛችሁ እንደ እርጥብ ጨርቅ በቀስታ ጠምዝዙ፤ ቋ የሚል ድምፅ መስማት የለባችሁም። መያዣው ውስጥ ያለው ኬን የሚባለው የእስያ ሐረግ ነው፣ በመሃሉ የጎማ ሽፋን እየገባ የተጣበቀ። የምቱን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው። ለዚህ ነው መያዣው ተሰብሮ ወደ እንጨት ቤት ሲወሰድ “በባሕር ዛፍ እንሥራልህ” የሚለውን ሐሳብ የማንቀበለው። ይሠራል፤ ግን ኳስ በመታችሁ ቁጥር ክንዳችሁ እስከ ክርን ይነዝራል።

ክብደቱን ገምቶ መቀበል አይቻልም። ሥጋ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ማንም አይከለክላችሁም፣ ቢስቁ ነው። ለአዋቂ ከ1.15 እስከ 1.25 ኪሎ ጥሩ ነው። የካሽሚር ባት ብዙ ጊዜ ወደ 1.3 ይጠጋል፤ ከዚያ ካለፈ ለጀማሪ አይሆንም፣ ባቱ ሳይደርስ ኳሱ ያልፋል። ሙሉ መጠኑ ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ ቁመታቸው በግምት ከ1 ሜትር ከ70 ለሚበልጡ ነው። ሕጉ ስፋቱን ከ10.8፣ ጠርዙን ከ4፣ ውፍረቱን ከ6.7 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይገድባል። ጠርዙ ወፍራም መሆኑን እያሳዩ የሚሸጡ አሉ፤ በከባዱ የካሽሚር እንጨት ላይ ወፍራም ጠርዝ ማለት ወይ ከባድ ባት ነው፣ ወይ ጀርባው ከውስጥ ተፍቆ የተጎደጎደ።

አንድ ማጭበርበሪያ ደጋግሞ ይታያል። የካሽሚሩን እንጨት በኬሚካል አንጥተው እንግሊዝ ያስመስሉታል፤ የጠርዙን ስንጥቅም በእንጨት ዱቄትና በኮላ ሞልተው በተለጣፊ ይሸፍኑታል። ጠርዙን በብርሃን አቅጣጫ አዘንብላችሁ እዩ። የተሞላው ቦታ ዘይት ስለማይጠጣ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ሲደረግበት ሌላው ሲጠቁር እሱ እንደነጣ ይቀራል።

ዘይቱ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ከብዙ አገር ትሻላለች፣ ምክንያቱም ለባት የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው። ያልተቀቀለው መሆን አለበት፤ ለምግብ ተብሎ በብርድ የተጨመቀ ንጹሕ የተልባ ዘይት ይሆናል። ቀለም መደብር “የተቀቀለ” ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ስለተጨመረበት ላዩን ፈጥኖ ይሸፍንና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ዱላ በቅቤ አሽቶ ጭስ ላይ ማንጠልጠል የለመደ እጅ ይህን ባትም እንደዚያው ሊያደርገው ይፈልጋል። አይሆንም። ቅቤና የፓልም ዘይት አይደርቁም፤ እንጨቱ ውስጥ እንደረጠቡ ቀርተው አቧራ ይሰበስባሉ። የተልባ ዘይት ግን አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፣ ሥራውም እሱ ነው። ጭስና እሳት ደግሞ እንጨቱን ያደርቁትና ያሰባብሩታል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት በጨርቅ ነክሮ ፊቱን፣ ሁለቱን ጠርዝና የታችኛውን ጫፍ በስሱ መቀባት፤ ተለጣፊ የሌለበትን ጀርባም እንዲሁ። መያዣውንና መጋጠሚያውን ፈጽሞ አለመንካት፤ ዘይት ኮላውን ያላላዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ በጠፍጣፋ ቦታ ለ24 ሰዓት ማስተኛት። ግድግዳ ላይ ካቆማችሁት ዘይቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ወርዶ እዚያው ያብጣል። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን፣ በቂ ነው። አራተኛውን የሚጨምር ሰው ባቱን ይጎዳዋል፤ ዘይት የጠገበ እንጨት ይከብዳል፣ ድምፁም ይሞታል። ፊቱ ላይ የላስቲክ ሽፋን የተለጠፈበት ከሆነ ጠርዙንና ጫፉን ብቻ ቀቡ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አስጡት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ለቴኒስ ኳስ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ጨርሳችኋል። የቴኒስ ኳስ 58 ግራም አካባቢ ነው፣ እንጨቱን አይጎዳም። የቆዳው ግን 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ እንደ ድንጋይም ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ፊቱ እንዲጠነክር ባቱ አስቀድሞ መቀጥቀጥ አለበት። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ከሚሰበሩት ባቶች የሚበዙትም ይህ የተዘለለባቸው ናቸው።

የእንጨት መዶሻ ይፈለጋል። ከሌለ አሮጌ የቆዳ ኳስ ካልሲ ውስጥ ከትቶ መጠቀም ይቻላል፤ የብረት መዶሻ በጨርቅ ተጠቅልሎም አይሞከር። በአጠቃላይ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ በአንድ ጊዜ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ አይደለም። መጀመሪያ እንቁላል እንደማይሰብር ሰው በቀስታ፣ ከዚያ ቀን በቀን ጠንከር እያደረጉ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ መሄድ። ጠርዙን ፊት ለፊት አትምቱት፤ መዶሻውን 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ማዕዘኑን ክብ እንዲል አድርጉት። የታችኛውን ጫፍ ከሥሩ በፍጹም አትንኩ። ድምፁ መጀመሪያ የታፈነ ነው፣ ሲበስል ግን ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ጆሮ ይለየዋል። ከዚያ አሮጌ የቆዳ ኳስ በቅርብ እያስወረወሩ ቀስ ብሎ መምታት። የኳሱ ስፌት ፊቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ከተወ አልበሰለም፣ ወደ መዶሻው ተመለሱ። ጎረቤት መጮሁ አይቀርም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማድረግ ይመከራል።

የከፍታው ነገር አንዳንዴ ይረሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ በአየር ላይ መታጠፉ ይቀንሳል፣ የተመታው ደግሞ ይርቃል። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ ወርዋሪ “ኳሱ እምቢ አለኝ” ሲል ሰበብ እየፈለገ ላይሆን ይችላል። ለመቺ ጥሩ ዜና ነው፤ ከባድ ባት የመፈለግንም ምክንያት አንድ ደረጃ ይቀንሳል።

ሲበላሽ የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ጫፉ ነው። ክረምት ላይ ጠዋት ሣሩ እርጥብ ነው፤ ባቱ ጫፉን መሬት ላይ እየመታ ሲጠብቅ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። በጋ ላይ ደግሞ ሻካራው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ከሳይክል ካላማዳሪ ላይ የጫፉን ቅርጽ ቆርጦ ማውጣት፣ ሁለቱንም ወገን በስሱ መፋቅ፣ ጫማ ሠሪ የሚጠቀምበትን ማስቲሽ ቀብቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ አጣብቆ ትርፉን በምላጭ መከርከም። ሳይደርቅ ካጣበቃችሁት በሁለተኛው ሳምንት ይላቀቃል። ጫፉ እርጥብ ሆኖ ካጣበቃችሁት ደግሞ ውኃውን ውስጥ አሽጋችሁበት ማለት ነው፤ ከነጭራሹ ባይለጠፍ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው የጠርዝ ስንጥቅ ነው። ጭረት ካልሆነ በቀር፣ ጥፍር የሚገባበት ስንጥቅ እንዳለ መጫወት ኪሳራ ነው። ነጭ የእንጨት ኮላ በቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ሞርሳ ላይ በሁለት ጣውላ መሃል ሳይጨፈለቅ አጥብቆ ለአንድ ቀን መተው፤ ከዚያ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና በሲባጎ ወይም በፋይበር ፕላስተር መጠቅለል። ሱፐር ግሉ ፈጥኖ ይይዛል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ደርቆ ስለሚሰበር በመጀመሪያው ጠንካራ ኳስ ይለቃል። ስንጥቁ ከመጋጠሚያው ጫፍ ተነስቶ ወደ ታች ከሄደ ገንዘብ አታውጡበት፤ ለልጆች የቴኒስ ኳስ ይሁን።

ሦስተኛው አቀማመጡ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መኪና የኋላ ሻንጣ ውስጥ ወይም መስኮት ላይ የተተወ ባት በአንድ በጋ ይደርቃል፤ መስመሮቹም ይከፈታሉ። አልጋ ሥር፣ ጠፍጣፋ መሬት ላይ፣ ከሲሚንቶው በካርቶን ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ስስ ዘይት።

እንግዲህ ለማን? ለቴኒስ ኳስና ለሲሚንቶ ፒች ከአምስት አራት ተኩል እንሰጠዋለን። ለቆዳ ኳስ በምንጣፍ ላይ፣ በደንብ ከተቀጠቀጠ፣ ሦስት ተኩል፤ ከመሃል የወጣ ምት ደስ ይላል፣ ከጫፍ የወጣ ግን ሁለቱንም እጅ ይቆርጣል። እንደ “የደሃ ባት” መቁጠሩን ግን አንወድም። ዋጋማ በምትባለው የቢጅቤሃራ መንደር አሚር ሁሴን ሎን በስምንት ዓመቱ አባቱ የባት እንጨት በሚሰነጥቁበት መጋዝ ሁለቱንም ክንዱን አጥቷል። ባቱን በአንገቱና በትከሻው መሃል ቆንጥጦ ይመታል፣ በእግር ጣቱ ይወረውራል፣ የጃሙና ካሽሚር የአካል ጉዳተኞች ቡድንም አምበል ሆኗል። ከዚያ ሰፈር የሚወጣ እንጨት ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ነው።

ለሚያመጣላችሁ ሰው የምትልኩት መልእክት አጭር ይሁን፦ ሙሉ መጠን፣ 1.2 ኪሎ፣ ያልነጣ የካሽሚር አኻያ፣ ፊቱ ላይ ላስቲክ ያልተለጠፈበት፤ ከመክፈሉ በፊት የጫፉን፣ የሁለቱን ጠርዝና የመጋጠሚያውን ፎቶ ይላክ። ትርፍ የመያዣ ጎማ ሁለትና አንድ የእንጨት መዶሻ ይጨምር፤ ጎማውን እዚህ ማግኘት ከባቱ ይከብዳል። ባት ወደ አውሮፕላን ጓዳ በእጅ አይገባም፣ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ነው የሚሄደው። መካከለኛ ሻንጣ ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለማይገባም ቀድሞ ይለካ። ፎጣው ሁለት ጊዜ መጠቅለል ያለበት ጫፉ ላይ ነው፤ መያዣው ትንሽ ስለሚታጠፍ በቀላሉ አይሰበርም።